ራውተሩ ሲዘጋባችሁ በየት ትገባላችሁ? ስለ ኮንሶል፣ ስለ ማኔጅመንት ፖርትና ስለ ሁለተኛ መንገድ

አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ደሴ ቅርንጫፍ ያለ ራውተር ላይ ገብታችኋል እንበል። አክሰስ ሊስቱ (የትኛው ትራፊክ ይለፍ፣ የትኛው ይታገድ የሚለው ዝርዝር) ላይ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ኢንተር ትጫናላችሁ። ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ብትጽፉም ፊደል አይታይም፤ ፒንግ ብታደርጉም መልስ የለም። ራውተሩ አልተበላሸም፣ መብራትም አልጠፋም። የጻፋችሁት መስመር የገባችሁበትን መንገድ ራሱን ዘግቶታል። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንዳት ነው፤ አለዚያም ደሴ ያለ ሰው በስልክ ፈልጎ «ሶኬቱን ንቀልና መልሰህ ሰካው» ማለት።

ሶኬት መንቀሉ አንዳንዴ ይሠራል። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ራውተር ላይ ለውጡን ሴቭ ካላደረጋችሁት ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ ድሮው ኮንፊግ (ቅንብር) ይመለሳል። ማይክሮቲክ በተባለው ሌላ አምራች ራውተር ላይ ግን አይሠራም፤ ለውጡ ኢንተር እንደተጫነ ይቀመጣል። አሥር ጊዜ ቢነቀልም ያው ነው።

የችግሩ ሥር ቀላል ነው። ራውተሩን የምታዙበት መንገድና ራውተሩ የሰውን ትራፊክ የሚያሳልፍበት መንገድ አንድ ናቸው። አንዱ ሲቋረጥ ሌላውም አብሮ ይቋረጣል። ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ እንደተዘጋ ቤት ነው። ስለዚህ ራውተር ሲሠራ ከውጭ የሚታዘዝበት ሌላ መሰኪያ ተደርጎለት ይሠራል፤ ኮንሶል፣ ኦክስ፣ ማኔጅመንት ፖርት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የአላርም መሰኪያ። እነዚህ ፖርቶች በብዙ ቢሮዎች ራክ ላይ አቧራ ለብሰው ባዶአቸውን ነው የሚታዩት። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መሰኪያው በእጃችን አለ፣ ከፍለንበታል፣ ግን አልተጠቀምንበትም። በባንክ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታል ወይም በድርጅት ውስጥ ኔትወርክ የምትይዙ ሁሉ እያንዳንዱ ፖርት ምን እንደሚሠራና ከምን ጋር እንደሚገናኝ ብታውቁ ብዙ ጭንቀት ይቀርላችኋል።

ኮንሶል

ከራውተሩ ፊት ወይም ጀርባ «ኮንሶል» ተብሎ የተጻፈበት መሰኪያ አለ። ሲስኮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሰማያዊ ምልክት አለው። ቅርጹ ከተራ የኔትወርክ ፖርት ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ሁለቱም አርጄ 45 ናቸው። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተራ የኔትወርክ ገመድ ወስዶ አንዱን ጫፍ ኮንሶሉ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ምንም አይመጣም፤ ሊመጣም አይችልም። በኮንሶል የሚሄደው ኢተርኔት ሳይሆን ሲሪያል ነው። አይፒ አድራሻ የለም፣ ማክ አድራሻ የለም፣ ፒንግ የለም። አንድ ፊደል ስትመቱ ቢቶቹ ተራ በተራ በአንድ ሽቦ ያልፋሉ፤ ራውተሩ በሌላ ሽቦ ይመልሳል። በቃ።

ደረጃው አርኤስ 232 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ከኢንተርኔት ይቀድማል። እስካሁን የቆየው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከሱ በታች ሊበላሽ የሚችል ነገር በጣም ጥቂት ነው። ራውተሩ ገና ሲነሳ፣ ዋናው ሶፍትዌር ሳይጫን እንኳ ኮንሶሉ ይናገራል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ መነሳት ያቃተው፣ ኮንፊጉ የተሰረዘ፣ ፓስወርዱ የተረሳ፣ ዛሬ ከካርቶን የወጣ፣ ሁሉም በኮንሶል ያናግሯችኋል። ኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ በኩል ተመስጥሮ ከርቀት የሚገባበት መንገድ፣ እንዲሠራ ግን አይፒው፣ ፖርቱ፣ ራውቱ፣ አካውንቱ ሁሉ ደህና መሆን አለባቸው።

ገመዱ ሮልኦቨር ይባላል። ጠፍጣፋና ቀላል ሰማያዊ ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው። ውስጡ ያሉት 8 ሽቦዎች ተገልብጠው ነው የተሰኩት፤ በአንዱ ጫፍ 1ኛ የሆነው በሌላው 8ኛ ነው፣ 2ኛው 7ኛ፣ 3ኛው 6ኛ እያለ ይሄዳል። ክሪምፐርና ሁለት አርጄ 45 ጫፍ ያለው ሰው ከተራ ካት 5 ገመድ ወዲያው ይሠራዋል። ከዚያ 9 ፒን ያለው የድሮ ሲሪያል መቀየሪያ ይገባበታል። የዛሬ ላፕቶፕ ግን ያ መሰኪያ ስለሌለው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ የግድ ነው። አሁን አሁን መቀየሪያውን በውስጡ የያዘ፣ በአንድ በኩል ዩኤስቢ በሌላ በኩል አርጄ 45 የሆነ ገመድ ይሸጣል። ከሦስት ቁራጭ አንድ ገመድ መያዝ ይሻላል፤ መቀየሪያ ቶሎ ይጠፋል።

ስለዚህ ገመድ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነውና። በገመዱ ውስጥ ቺፕ አለ። የታወቁት ኤፍቲዲአይ፣ ፕሮሊፊክና ሲኤች 340 ናቸው። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በብዛት አስመስለው ይሠሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ያወጣው ድራይቨር አስመስለው የተሠሩትን ቺፖች እየለየ መለያ ቁጥራቸውን ዜሮ አደረገባቸው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ገመድ ዛሬ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ሆነ። ቁጣ ስለበዛ ኩባንያው ድራይቨሩን አነሳው። የፕሮሊፊክ አዲስ ድራይቨር ደግሞ ያረጁና አስመስለው የተሠሩ ቺፖች ላይ «ኮድ 10» የሚል ስህተት ያወጣል። ገመዱ ምንም ሳይሆን ራውተሩን ወይም ራሳችሁን ትጠራጠራላችሁ። ስለዚህ ገመድ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ የስህተት ምልክት ሳይኖረው «ኮም 3» ወይም «ኮም 5» የሚል ቁጥር ከወጣ ደህና ነው። ቁጥሩን ያዙት። ገመዱን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካዛወራችሁት ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አካውንታችሁ «ዳያልአውት» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ ካልገባ ፖርቱ አይከፈትላችሁም።

ቀጥሎ ፑቲ ወይም ቴራ ተርም የሚባለውን የተርሚናል ፕሮግራም ትከፍታላችሁ። ሲሪያል የሚለውን መርጣችሁ የኮም ቁጥሩን ታስገባላችሁ። ከዚያ አምስት ነገር ከራውተሩ ጋር መስማማት አለበት፦ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም። ሲስኮ፣ ጁኒፐርና ሁዋዌ አብዛኛውን ጊዜ በ9600 ነው የሚመጡት። ማይክሮቲክ 115200 ነው። ሁሉንም አስተካክላችሁ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ አትደንግጡ፤ ኢንተር ሁለት ሦስቴ ምቱ። ኮንሶሉ ተኝቶ ይሆናል።

ስህተቱን ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ የፊደል ዝባዝንኬ ከመጣ ፍጥነቱ አልገጠመም። ራውተሩ የሚለው ሁሉ በደንብ እየታየ እናንተ የምትጽፉት ግን አልገባ ካለ፣ ፍሎው ኮንትሮል በርቶ ነው፤ ፑቲ ላይ «ነን» አድርጉት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭራሽ ዝምታ ከሆነ ገመዱን ወይም የኮም ቁጥሩን ተመልከቱ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙም አይነገርም። አዳዲስ ሲስኮዎች ከአርጄ 45ቱ ጎን የዩኤስቢ ኮንሶልም አላቸው። ሁለቱም ላይ ገመድ ከተሰካ ራውተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዩኤስቢው ነው። ስለዚህ አንድ ቴክኒሻን የዩኤስቢ ገመዱን ሰክቶ ትቶት ከሄደ፣ በአርጄ 45 ገብታችሁ የምትጽፉት ሁሉ ከንቱ ነው። ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት እሱን እዩ።

ኮንሶል ቀርፋፋ ነው። 9600 ማለት በሰከንድ ወደ 960 ፊደል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል መጀመሪያና መጨረሻ ቢት ተጨምሮ 10 ቢት ይሄዳልና። አንድ ሙሉ ስክሪን ጽሑፍ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ለመሥራት አያስቸግርም። ግን 100 ሜጋባይት የሶፍትዌር ፋይል በዚህ መስመር ልላክ ካላችሁ ከአንድ ቀን በላይ ትጠብቃላችሁ። ፋይሉን በዩኤስቢ ፍላሽ ወይም በኔትወርክ አስገቡት።

ቀርፋፋነቱ ሌላ ጣጣም አለው። ራውተሩ የሎግ መልእክቶቹን ሁሉ ወደ ኮንሶል እንዲያወጣ ተደርጎ ከሆነና በሥራ በተወጠረ ራውተር ላይ ዲበግ (እያንዳንዱን እርምጃ የሚዘግበውን መከታተያ) ካበራችሁ፣ መልእክቱ ከሚወጣበት ፍጥነት በላይ ይከማቻል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ላይ ተጠምዶ ራውተሩ ራሱ ሊቆም ይችላል። የኮንሶል ሎጉን ወደ አደገኛ መልእክቶች ብቻ ዝቅ ማድረግ፣ የቀረውን ወደ ውጭ ሰርቨር መላክ ይሻላል።

ከኤሌክትሪክም ተጠንቀቁ። የአርጄ 45 ቅርጽ ስለሚመሳሰል ሰው የፖኢ ገመድ፣ ማለትም ከዳታ ጋር ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ የኔትወርክ ገመድ፣ ኮንሶል ላይ ሊሰካ ይችላል። በተለይ ለዋየርለስ አንቴና የሚሰጠው ፓሲቭ ፖኢ ማንንም ሳይጠይቅ ነው ኃይል የሚለቀው፤ ኮንሶሉን ሊያቃጥለው ይችላል። ራክና ላፕቶፕ ግራውንዳቸው የተለያየ ከሆነም በገመዱ ላይ ኃይል ሊያልፍ ይችላል። መብረቅ በሚበዛበት የክረምት ወር ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ መሥራት ጥሩ ልማድ ነው። የገመዱም ርዝመት በ9600 ፍጥነት እስከ 15 ሜትር ድረስ ነው የሚመከረው።

ማኔጅመንት ፖርት

ኮንሶል አጠገቡ የቆመ ሰው ይፈልጋል። ማኔጅመንት ፖርት ግን እውነተኛ የኢተርኔት ፖርት ነው፤ አይፒ ይሰጠዋል፣ በኤስኤስኤች ይገባበታል። ከሌሎቹ ፖርቶች የሚለየው የደንበኛን ትራፊክ አለማሳለፉ ነው። ጁኒፐር ኤምኤክስ ላይ «ኤፍኤክስፒ 0» ይባላል። ሲስኮ ኤኤስአር 1000 ላይ ጊጋቢት ኢተርኔት 0 ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ለብቻው በተለየ የራውት ሰንጠረዥ (ራውተሩ ትራፊክን በየት እንደሚልክ የሚያይበት ዝርዝር) ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጣው።

የተለየ የራውት ሰንጠረዥ የሚለውን አትለፉት። ማኔጅመንት ፖርት ሰክተው «አልሠራ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። እናንተ በማኔጅመንት ኔትወርኩ በኩል ጥያቄ ትልካላችሁ፤ ጥያቄው ይደርሳል። ራውተሩ መልስ ሲልክ ግን ሰንጠረዡን ያያል። ሰንጠረዡ አንድ ብቻ ከሆነ ዲፎልት ራውቱ፣ ሌላ መንገድ ለሌለው ትራፊክ ሁሉ የተጻፈው መውጫ፣ የሚያሳየው ወደ ኢንተርኔቱ መስመር ነው። መልሱ በዚያ ይወጣና ይጠፋል። ደህና በሆነበት ቀንማ ዞሮ ሊደርስ ይችላል፤ እናንተም ሠራ ብላችሁ ትረሱታላችሁ። ዋናው መስመር የተቋረጠ ዕለት ግን ማኔጅመንት ፖርቱም አብሮ ዝም ይላል። መፍትሔው ለማኔጅመንቱ የራሱ ሰንጠረዥ መስጠት፣ ሲስኮዎች ቪአርኤፍ በሚሉት ማለት ነው፣ የራሱንም ዲፎልት ጌትዌይ መጻፍ ነው።

ትናንሽ ራውተሮች እንዲህ ያለ ፖርት የላቸውም። ከፖርቶቹ አንዱን ለዚህ ሥራ ብቻ ለዩት፤ ከሌሎቹ ጋር ብሪጅ አታድርጉት (በአንድ ኔትወርክ አታጣምሩት)፣ የተለየ የአይፒ ክልል ስጡት፣ ከሱ ወደ ደንበኛው ኔትወርክ መተላለፍ እንዳይቻል በፋየርዎል ዝጉት። ማይክሮቲክ ላይ ዊንቦክስ የሚባለው የማስተዳደሪያ ፕሮግራም በማክ አድራሻ መግባት ስለሚያስችል አይፒው ቢበላሽ እንኳ በዚያ ፖርት ተገናኝቶ ማስተካከል ይቻላል። ለትንሽ ቢሮ ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህ ፖርቶች ሁሉ ወደ አንድ ስዊች ይሰበሰባሉ። ያ ስዊች ለማኔጅመንት ብቻ መሆን አለበት። ከሠራተኛው ኮምፒውተር ጋር በአንድ ስዊች ላይ በቪላን (አንድን ስዊች በሶፍትዌር ብቻ በሚከፋፍል ዘዴ) ብቻ ከተለየ ስዊቹ ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ርካሽ ስዊች ይበቃል፤ ሥራው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንገድ

እስካሁን ያልነው ራውተሩ ያለበት ክፍል ወይም ግቢ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ደሴ ላለው ቅርንጫፍ አይበቃም። እዚያ የሚያስፈልገው ከዋናው መስመር ጋር ምንም የማይጋራ ሌላ መንገድ ነው።

ድሮ ይህ ሥራ የኦክስ ፖርት ነበር። ኦክሱ ላይ የስልክ ሞደም ይሰካል፣ ሞደሙ መደበኛ የስልክ መስመር ላይ ይገባል። ኔትወርኩ ሲወድቅ ከቤታችሁ ደውላችሁ ራውተሩ ላይ ትገባላችሁ። ዛሬ የስልክ ሞደሙን የተካው ሲም ካርድ ነው። መሣሪያው ኮንሶል ሰርቨር ይባላል፤ እንደ ኦፐንጊር ያሉ አምራቾች ይሠሩታል። በአንድ በኩል 4፣ 8፣ 16 ወይም ከዚያ በላይ የሲሪያል ፖርት አለው፤ የራውተሩ፣ የስዊቹ፣ የፋየርዎሉ ኮንሶል ሁሉ እሱ ላይ ይሰካል። በሌላ በኩል ኢተርኔትና የ4ጂ ሞደም አለው። በኤስኤስኤች እሱ ላይ ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ፖርት ትመርጣላችሁ። ራውተሩ ፊት ላፕቶፕ ይዛችሁ የቆማችሁ ያህል ነው።

ለአነስተኛ ቅርንጫፍ እንዲህ ያለውን መግዛት ላይቻል ይችላል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሁለት የዩኤስቢ ኮንሶል ገመድና አንድ የ4ጂ ዶንግል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። በተለመዱት የፓይ ሞዴሎች ላይ ያሉት ዩኤስቢዎች አራት ናቸው። ሊኑክስ ላይ «ሰርቱኔት» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሲሪያሉን ወደ ኔትወርክ ያወጣዋል። ድክመቱ ሜሞሪ ካርዱ ነው፤ መብራት እየጠፋ ሲመጣ ካርዱ ይበላሻል። ስለዚህ ፓይው ከዩፒኤስ ውጪ መሰካት የለበትም።

ሲም ካርዱን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሞባይል ዳታ ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ ሕዝባዊ አይፒ አይሰጥም፤ ብዙ ደንበኞች አንድ አይፒ ይጋራሉ። ስለዚህ እናንተ ከውጭ ወደ ኮንሶል ሰርቨሩ መደወል አትችሉም። መሣሪያው ራሱ ወደ እናንተ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) እንዲከፍት መደረግ አለበት፤ ኦፐንቪፒኤን ወይም ዋየርጋርድ ይሆናል። ቪፒኤኑ የሚያርፍበት ሰርቨር ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤት ካለውና አብሮ ሊወድቅ ከሚችለው መስመር ጀርባ መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ኦፕሬተሩ። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን አንድ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር ፋይበሩም፣ ኤዲኤስኤሉም፣ ሲሙም ከአንድ ቤት ነበር የሚመጣው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በይፋ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ዋናው መስመር ከአንዱ፣ ሲሙ ከሌላው እንዲሆን ማድረግ ተችሏል። አድርጉት። ግን ስም ስለተለያየ መንገዱ ሁሉ ይለያያል ብላችሁ አትተማመኑ። ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት ይጋራሉ፤ ቅርንጫፋችሁ ያለበት ከተማ ላይ በአንድ ማማ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የአካባቢው መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያለቀ ማማ ለሁለቱም አይሠራም።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምል ከካናዳ የመጣ አንድ ጉዳይ በደንብ ያስረዳል። ሮጀርስ እዚያ ካሉት ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 ማለዳ ላይ የኔትወርክ ማሻሻያ ሲሠራ ከማከፋፈያ ራውተሮች ላይ አንድ ማጣሪያ ተነሳ። ማጣሪያው የራውት መረጃን የሚገድብ ነበር። ሲነሳ መረጃው ወደ ኮር ራውተሮቹ፣ የኔትወርኩ መሐል ወደሆኑት፣ ጎረፈ፤ ኮሮቹ አልቻሉትም፣ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክና ኢንተርኔት አጡ። በመላ አገሪቱ የባንክ ካርድ ክፍያ ተስተጓጎለ፤ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ 911 ያልገባላቸው ሰዎችም ነበሩ።

ለእኛ የሚጠቅመው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስህተቱ አንድ የማጣሪያ መስመር ነበር። ግን ኢንጂነሮቹ ራውተሮቹ ላይ መግባት አልቻሉም። የማኔጅመንት ኔትወርካቸው የቆመው በዚያው በወደቀው ኮር ላይ ነበር። ሠራተኞቹም እርስ በርስ የሚደዋወሉት በራሱ በሮጀርስ መስመር ስለነበር መጀመሪያ ላይ መነጋገር እንኳ ከበዳቸው። ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ብቻ ረጅም ሰዓት ፈጀ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን በገለልተኛ ባለሙያዎች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ማጠቃለያ ይህ በግልጽ ሰፍሯል። ኩባንያውም ማኔጅመንት ኔትወርኩን ከዋናው ወደ መለየት ሄዷል። በሠለጠነ የሰው ኃይልም በገንዘብም ያልተቸገረ ኩባንያ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ቅርንጫፎቻችንን በአንድ መስመር ላይ አንጠልጥለን እንዴት እንተኛለን?

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ሲጠፉ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መነሻው በጥገና ላይ የተሰጠ ትእዛዝ ነበር። ፌስቡክ የተለየ ሁለተኛ መንገድ ነበረው። ግን በዚያ ቀን እሱም አልሠራም። ኢንጂነሮች በአካል ወደ ዳታ ሴንተር መላክ ነበረባቸው፤ የቦታው ጥበቃ ጠንካራ ስለነበር መግባቱ ራሱ ጊዜ ወሰደ። ሁለተኛ መንገድ መኖሩ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ወደ ውጭ የሚላከው

ከራውተሩ ጋር የሚገናኘው ትእዛዝ የምንሰጥበት መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሚከታተለውም አለ። በአጭሩ ልለፈው። ሲስሎግ የራውተሩን መልእክት በዩዲፒ 514 ወደ ሰርቨር ይልካል። ይህን አድርጉ፤ በራውተሩ ራም ላይ ብቻ ያለ ሎግ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ለምን እንደወደቀም ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ሰዓቱንም በኤንቲፒ (የመሣሪያዎችን ሰዓት በኔትወርክ በሚያመሳስለው ዘዴ) አስተካክሉ፤ አለዚያ የሁለት ራውተር ሎግ አይገጣጠምም። ኤስኤንኤምፒ ሁኔታውን፣ ማለትም ሙቀቱን፣ የፖርቱን ትራፊክ፣ የፕሮሰሰሩን ጫና፣ ለመከታተያ ፕሮግራም ይነግራል። ሥሪት 1ና 2ሲ የይለፍ ቃሉን ሳይደብቁ ነው የሚልኩት፤ «ፐብሊክ» ብሎ የተዉትም ብዙ ነው። ሥሪት 3 ይሻላል፣ ያመሰጥራል። ቴልኔትም፣ ሁሉን ሳይደብቅ የሚልከው የድሮው የርቀት መግቢያ፣ ካለ ዝጉት።

ትልልቅ ራውተሮች ላይ ደግሞ የአላርም መሰኪያ ይገኛል። በአንዳንድ የጁኒፐር ኤምኤክስ ሞዴሎች ለቀይና ለቢጫ አላርም ለየብቻው ሦስት ሦስት የሽቦ መግቢያ አለ። ውስጡ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። ፋን ሲቆም ወይም ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ሪሌው ይዘጋል ወይም ይከፈታል፤ በሽቦው የተገናኘው አምፖል ይበራል፣ ደወሉም ይጮኻል። ኮምፒውተር የማይቀመጥባቸው፣ ጥበቃ ብቻ ያለባቸው ጣቢያዎች ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል።

ጥበቃና ሙከራ

ኮንሶል የያዘ ሰው ራውተሩን ይዟል። ሲስኮ ላይ ራውተሩ በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ የብሬክ ምልክት የላከ ሰው ፓስወርዱን አልፎ መግባት ይችላል፤ ለተረሳ ፓስወርድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ግን ለማንም ይሠራል። የራኩ በር ይቆለፍ። ኮንሶሉ ላይም ፓስወርድ ይኑር፤ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሳይወጣ ቢሄድ በራሱ እንዲዘጋ የጊዜ ገደቡን አትንኩት። ሲስኮ ላይ ገደቡ 10 ደቂቃ ሆኖ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ሥራ እንዳያቋርጠው ብሎ ዜሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሳይወጣ ከሄደ ገመድ የሰካ ሁሉ ያለ ፓስወርድ አድሚን ይሆናል። ኮንሶል ሰርቨር ካላችሁ ደግሞ የሁሉም ቁልፍ እዚያ ስለሆነ ከማንኛውም ራውተር በላይ ጠብቁት።

ከርቀት ለውጥ ስታደርጉ ራውተሩ ራሱ የሚሰጣችሁን መከላከያ ተጠቀሙ። ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ» አለ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላጸደቃችሁት ለውጡን ይመልሰዋል። ሲስኮ ላይ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ማለት ይቻላል፤ ከተዘጋባችሁ ራውተሩ በ10 ደቂቃ ጠፍቶ ይነሳና ወደ ድሮው ኮንፊግ ይመለሳል። ደህና ከሆነ መሰረዙን አትርሱ፤ አለዚያ በሥራ ሰዓት ይጠፋባችኋል። ማይክሮቲክ ላይ ሴፍ ሞድ ነው፤ ግንኙነታችሁ ከተቋረጠ ለውጡን ያነሳዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅ ቢችልም።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ይሞከር። ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ራውተሩ አጠገብ ሰው ቆሞ፣ ዋናውን መስመር አውጥታችሁ ነው መሞከር ያለባችሁ። መስመሩ እያለ የሚደረግ ሙከራ አያሳይም፤ የመልሱ መንገድ በዋናው በኩል እየሄደ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ወጥቶ በሲሙ በኩል ገብታችሁ፣ ኮንሶሉን ከፍታችሁ፣ አንድ ትእዛዝ ሰጥታችሁ መልሱን ማየት አለባችሁ። ዩፒኤሱንም ከግድግዳ ነቅላችሁ ኮንሶል ሰርቨሩ መቆየቱን እዩ። ገመዶቹ ላይ የየትኛው ራውተር ኮንሶል እንደሆነ ይጻፍ። ሲሙ የቅድመ ክፍያ ከሆነ የዳታ ጥቅሉ መቼ እንደሚያልቅና ማን እንደሚሞላው ከሙከራው ጋር አብሮ ይመዝገብ፤ ወር ያለፈው ጥቅል ይዞ የተቀመጠ ሞደም መብራቱ እየበራ ምንም አያስተላልፍም።